አርአያ ለጥጃዋ ያጠጣት ክኒን

ቆቦ፣ ግንቦት 1998 ዓ.ም.

ወዳጄ ወልደ ሚካኤል፣

እናንተ ደሴ ላይ ጋቢ በምትደርቡበት ሰዓት እዚህ ሰው የግራር ጥላ ይሻማል። እኔን ያደከመኝ ግን ሙቀቱ አይደለም፤ የእህቴ ልጅ አርአያ ነው። የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሙ ከተገኘ ወዲህ ኮትሪሞክሳዞል የሚባል ክኒን በየቀኑ እንዲውጥ ታዞለታል። እሱ ግን ክኒኑን ፈጭቶ፣ በውሃ በጥብጦ፣ ለታመመች ጥጃው ሲያጠጣ ሰንብቷል።

«ጋሼ፣ ይህን እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ ለተቅማጥ ስውጠው ኖሬአለሁ። እኔ ተቅማጥ የለብኝም፤ እሷ ነበረባት» አለኝ።

አንድ መድኃኒት ለሌላ ሥራም እንደሚውል፣ ይህኛው ቫይረሱን ባይገድልም የተዳከመን ሰውነት ከሳንባ ምች እንደሚጠብቅ ከጠዋት እስከ ቀትር አስረዳሁት።

«ለአዲስ በሽታ አሮጌ ክኒን! ድሃ ስለሆንን ነው የሰጡን» አለ።

ይህን ጊዜ ሚስቱ ለተ ብርሃን ውሃ ይዛ መጣች። «ጥጃዋ ሳትከራከር ጠጥታ ዳነች። አንተ ከጥጃ ልታንስ ነው?» ስትለው ሳቀና ዋጠ።

የዛሬውን ዋጠ። ነገ ደግሞ ክርክሩ እንደ አዲስ ይጀመራል። ለተ ብርሃን ብቻዋን አትችለውም፤ እኔም ልማድ እስኪሆንለት ድረስ አጠገቡ ለመቀመጥ ወስኛለሁ። ለልጅህ ለትርሲት ሠርግ የማልደርሰው ለዚህ ነው። በእኔ ፋንታ ልጃችንን ሳምልኝ። እናቷን ብዙነሽንም እንዳትቀየመኝ ለምንልኝ። የአርአያ ገመና እንዳይወጣ ይህን የጻፍኩበትን ካርድ በፖስታ አሽጌዋለሁ፤ አንተም አንብበህ ቅደደው።

ወንድምህ ብርሃነ