ያልተዘረጉት መዳፎች

ልጄ ጉሌድ፣ አላህ ከባሕርም ከሰውም ክፉ ይጋርድህ። የኤደን ወበቅ እንዴት ይዞሃል? እኛ አለን፤ ዝናቡ ግን ቀረ። ጥቁሯ ፍየል መንታ ወልዳለች።

አባትህ ከስቷል። ሽንጎው «ለተገደለብን ሰው የግመል ካሳ አንቀበልም፣ ደሙን እንመልሳለን» ብሎ ሲወስን ሁሉም ለዱዓ መዳፉን ዘረጋ። እሱ ብቻ እጁን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ቀረ። አጎትህ ሮብሌ «ሒርሲ፣ እጅህ ሽባ ሆነ እንዴ?» አለው።

«እጄስ ደህና ነው። አሚን ካልኩ ግን ነገ የሚሞተውን ልጅ እኔም ገደልኩት ማለት ነው» አለ።

ከዚያ ወዲህ የውሃ ጉድጓዱ ውስጥ አብሮት የሚቆም ጠፋ። ያን ጥልቅ ውሃ ሰው ከላይ እስከ ታች ቆሞ ባልዲ ካልተቀባበለ እንዴት ይወጣል? እኔው ወረድኩለት። ለፍየሎቹ አዳረስን፤ ለግመሎቹ ግን አቃተን። ያቺ አንተ ያሳደግካት ግመል ሞተች።

ባለፈው ሳምንት ደም ሊመልስ ሄዶ የተገደለውን የሮብሌን ልጅ የሊባንን ሬሳ ጭነው አመጡ። መቃብሩን ከሁሉ ቀድሞ የቆፈረው አባትህ ነው። «ብያችሁ ነበር» አላለም። ሽንጎው ደግሞ ለሊባን ደም ተቀመጠ፤ አባትህ እያለቀሰ አሁንም መዳፉን አልዘረጋም። ሮብሌ ከዚያ ወዲያ ዞር ብሎም አላየው።

ሮብሌ «አባትህን ምከረው» ብሎ ይጽፍልህ ይሆናል። አክብረህ መልስለት፤ ልጁን ቀብሯል።

አላህ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን። ለአባትህ ስትጽፍ ግን ምክሩን ተወውና ግመሎቹ ጠጡ ወይ ብለህ ጠይቀው። እዚህ የሚጠይቀው ሰው የለም።

እናትህ ሐሊሞ