የፈዲላ ጥርስ

ጥቅምት 11 ቀን 1975

የቀበሌው ሊቀ መንበር ድንገተኛ ስብሰባ ጠርቶ የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎቼን ጠራርጎ ወሰደብኝ። በጊዜ ቤት ገባሁ። ምነው እግሬን በሰበረው!

ሴትዮዋ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ልጄን ፈዲላን ጡት ታጠባለች። አራት ዓመት የሞላት ልጅ! የደረቀ ጡት! ፊት ለፊት «እማማ» ነው የምላት፤ የባሌ እናት ናት። እዚህ ግን ማን ያየኛል… ሴትዮዋ ናት።

አሮጊት የልጅ ልጇን በደረቅ ጡት ማባበሏ በእኛ አገር ብርቅ አይደለም። እኔንም አያቴ አባብላኛለች። ግን ታናሿን ጠሃን ሳረግዝ ይቺን ልጅ እሬት ቀብቼ ስንት ተለቅሶ ነው ጡት ያስጣልኳት! አሁን እሷ መልሳ ታስለምድልኛለች። ሆን ብላ ነው። ልጄ እኔን ትታ እሷን እማ እንድትላት።

«እማማ፣ ይቺ እኮ ትልቅ ሰው ሆናለች» አልኳት።

«እናቷ የለች። በምን ላባብላት? በስብሰባ?»

ጎረቤታችን ባንቺአየሁ ከአጥር ወዲያ ሆና ሳቀች። ደሜ ፈላ። የፈዲላን ክንድ ይዤ መነጨቅኳት። ሴትዮዋ ጮኸች፤ ልጅቷ ጥርሷን ሳትለቅ ነው ለካ የጎተትኳት።

«እሬት ልቀባልዎ?» አልኳት። አዎ፣ ብያለሁ። አይጸጽተኝም።

ጥቅምት 12

ሰላምታ የለም። ባሌ ኑርሁሴን እናቱንም እኔንም አየና መረቡን አንስቶ ወደ ሐይቁ ሄደ። ሁለት ሴት ሲኳረፍ ባሌን ዓሣ ይናፍቀዋል።

ኅዳር 6

ምን እየሸሸገች ነው? ጠሃን አላቅፍም አለች። ቀኝ እጇ ወደ ላይ አይነሳላትም። ልብሷንም እኔ እንዳላጥብላት ተደብቃ ታጥባለች። ዛሬ ከቁጥቋጦው ላይ ያሰጣችውን ጨርቅ አየሁት። መግል ነው።

«እማማ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ምች ነው። ሂጂ ወደ ስብሰባሽ።»

ሄድኩ። ምን አገባኝ?

ኅዳር 23

የይለፍ ወረቀት ፍለጋ ቀበሌ ስንመላለስ ከርመን ዛሬ ደሴ ሆስፒታል ደረስን። ኑርሁሴን፣ እሷ፣ እኔ፣ ጠሃ ጀርባዬ ላይ። ጡቴን ለወንድ ሐኪም አላሳይም ብላ ስታደርቀን ዋለች። በመጨረሻ እኔ አጠገቧ ቆሜ አሳየች። አየሁት። ያ ረቢ! ለጠላቴም አልመኝም። ይሄን ተሸክማ ነው እኔን ስትሰድበኝ የምትውለው?

ዶክተሩ ወደ ውጪ አወጣንና ነቀርሳ ነው አለ። ዓመት አልፎታል፣ ብብቷ ውስጥ ገብቷል፣ አሁን መቁረጡም አይጠቅም። ቁስሏን በንጽሕና ያዙላት፣ ማስታገሻውን ስጧት አለን። ኑርሁሴን ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ። እኔ ደግሞ ዓመት የምትለዋ ቃል ላይ ቀረሁ። ዓመት! ከዚያ ከጥቅምቱ ነገር በፊት ማለት ነው። እኔ አይደለሁማ! አልሐምዱሊላህ አልኩ በሆዴ። ባል እያለቀሰ እንዲህ ይባላል? አፈርኩ። ትንሽ።

ኅዳር 25

ቤታችን ውስጥ የበሽታው ስም አይጠራም። «ያ ነገር» ነው የሚባለው። ባንቺአየሁ ልትጠይቃት መጣች። ጓዳ ሆኜ ስሰማ…

«አምና ግሸን ጠበሉን ስንሄድ ያቺ እባጭ ባቄላ አታክልም ነበር ወይ?»

«ታክል ነበር። ተኝታ ነበራ! ይቺ ልጅ በጥርሷ ቀሰቀሰቻት። ያ ነገር እኮ ካልነኩት አይነካም።»

አምና! ታውቅ ነበር! ጡቴን አመመኝ ማለት ነውር ነው ብላ ደብቃን ኖራለች። ለነውር ብላ ራሷን ገደለች፤ አሁን ደግሞ ጥፋቱን ለልጄ ታሸክማለች። ፈዲላ እግሯ ሥር ቁጭ ብላ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች።

ታኅሣሥ 4

ፈዲላ የሚታኘክ ነገር እንቢ ብላለች። ወተትና አጥሚት ብቻ። ዳቦ ስሰጣት አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ጥርሴ መጥፎ ነው።»

ኑርሁሴን «የልጅ ነገር ነው፣ ትረሳዋለች» ይለኛል። ትረሳዋለች! እናትህስ ለምን አትረሳውም?

ታኅሣሥ 13

ወፍጮ ቤት ደርሼ ስመለስ ፈዲላን ከቤቱ ጀርባ አገኘኋት። ድንጋይ ይዛ የፊት ጥርሷን ትመታለች። ከንፈሯ ደም በደም ሆኗል። ድንጋዩን ስቀማት ታገለችኝ።

«ካወለቅሁት አያቴ ትድናለች!»

ምን አድርጌህ ነው አላህ? ልጅቷን ታቅፌ ገባሁ። ሴትዮዋ መደቡ ላይ ተጋድማለች። የልጄን አፍ ገልጬ አሳየኋት።

«ይዩት ሥራዎን! አንቺ አይደለሽም ይበሏት። አሁን!»

አየችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ውሸት ተሸክሜ አኺራ ልሂድ? ነክሳኛለች። አንቺም ጎትተሻታል።»

«ዶክተሩ ዓመት አልፎታል አለ እኮ!»

«ዶክተሩ ከጡቴ ጋር አብሮ ኖሯል?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ይበሉ። እኔ ያቺን ቃል ከአፋፉም ቢሆን በራሷ አፍ አስመልሳታለሁ። ሳትመልሳት አትሞትም!

ታኅሣሥ 20

ለፈዲላ ማልኩላት፣ ለመንኳት፣ ተቆጣኋት። «አንቺ አታውቂም። ጡቱ የአያቴ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። እናት ብምልላት ምን ዋጋ አለው? ከጡቱ ባለቤት አፍ ነው የምትፈልገው።

ጥር 19

ቁስሏን የማጥበው እኔ፣ የማጎርሳት እኔ። ሽታው ከልብሴ አልለቅ ብሎኛል፤ ጠሃ ሳጠባው ፊቱን ያኮሳትራል። ጎረቤት ሴቶች «ጀነት ትገቢያለሽ ዘይቱና» ይሉኛል። ጀነት! ጥርሴን ነክሼ እንደማጥባት ቢያውቁ…

«ቀስ በይ አንቺ! በግ የምትገፍፊ መሰለሽ?» አለችኝ ዛሬ።

«በግ ዝም ይላል» አልኳት።

ልትስቅ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ያ ነገር ወጋትና ተወችው። ሌላ ሰው ብትሆን እወዳት ነበር? ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ደግሞ…

ፈዲላ ከስታለች። ባየኋት ቁጥር ሴትዮዋን ማነቅ ያምረኛል።

የካቲት 14

ዛሬ ሰው አስጠራች። አውፍ ልትባል ነው። ሊሞት የቀረበ ሰው የበደላቸውን ሁሉ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ይላል፤ አውፍ ያላለው ካለ የዚያን ሰው ሐቅ እንደተሸከመ ጌታው ፊት ይቀርባል። ጎረቤቱ እስላሙም ክርስቲያኑም መጣ። ባንቺአየሁ «እግዜር ይፍታሽ ኑርሀያት፣ እኔም ፈትቼሻለሁ» ብላ ተንሰቀሰቀች። ኑርሁሴን ጉልበቷን ስሞ አውፍ አላት። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ዘይቱና፣ አውፍ በይኝ።»

«አልልም» አልኩ።

አንዲት ሴት አስተግፊሩላህ ብላ ጆሮዋን ያዘች። ግን አንዴ ጀምሬዋለሁ።

«የራሴን እተውልዎታለሁ። የፈዲላን ሐቅ ግን የምተወው እኔ አይደለሁም። መጀመሪያ ለሷ ይንገሯት። ያኔ እላለሁ።»

ኑርሁሴን እየጎተተ አወጣኝ።

«እናቴን በሐቅ ልታስሪያት ነው? አንቺ ሰው ነሽ?»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ይሄን ቁጣ አንድ ቀን ለእናቱ አሳይቷት ቢሆን እዚህ እንደርስ ነበር? እንግዲህ ይፍረዱብኝ። የሐይቅ ሰው ሁሉ ጨካኝ ይበለኝ። ቃሌን አልመልሳትም።

የካቲት 15

የሚያናግረኝ የለም። እሰይ።

የካቲት 21

ጠዋት ውሃ አሙቄ ልገባ ስል ድምፅ ሰምቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ፈዲላን ጠርታታለች።

«ነይ እዚህ። ክንዴን ንከሺኝ።»

ልጅቷ አፏን ይዛ ወደ ኋላ አለች።

«ንከሺኝ እልሻለሁ! አንቺ ፈሪ፣ ቁርጥ አባትሽን!»

ፈዲላ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። እኔ ምን ልበላት? ጠጋ ብላ በጥርሷ ነካ አደረገቻት።

«ይሄ ንክሻ ነው? ዝንብ ይሻላል። አጥብቂ!»

ነከሰቻት። ዓይኗን ጨፍና፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ የያዘችውን ሁሉ ጥርሷ ላይ አድርጋ ነከሰቻት። የሴትዮዋ ዓይን እንባ አቀረረ፤ ድምፅ ግን አላወጣችም።

«አሁን ቁጭ በይና ጠብቂ።»

የጥርሷ ምልክት አጥንቱ ብቻ የቀረው ክንዷ ላይ ተደርድሯል። ሁለቱም አቀርቅረው ያዩታል። ፈዲላ በጣቷ እየዳበሰች ጠበቀች። ውሃዬ በእጄ ላይ ቀዘቀዘ። ረፋዱ ላይ ቆዳው ሞላ።

«የት አለ?»

«ጠፋ» አለች ፈዲላ።

«ንክሻ ይጠፋል። ያኛውም በማግሥቱ ጠፍቶ ነበር። የኔ በሽታ ከዚያ በፊት የመጣ ነው፣ አውቀው ነበር። አንቺ አይደለሽም። አያትሽ ዋሽታ ነው። ሰማሽ?»

«እሺ።»

«እሺ አይደለም። ማን ዋሸ?»

«አያቴ።»

ከዚያ ቀና ብላ በሩ ላይ አየችኝ።

«እህ? አሁንስ ዘይቱና?»

አውፍ ማለት ነበረብኝ። ቃሌ ነው። ግን አስተያየቷ… ይኸው አሸነፍኩሽ የሚል መሰለኝ። ስንት ወር እኔን አስለምናኝ፣ እኔ በአንዴ ልበላት? ምን ያስቸኩለኛል? «ይደርሳል» ብያት ውሃውን ላሞቅ ወጣሁ። ውሃው ሲሞቅም አላልኩም።

ፈዲላ ማታ ዳቦ በላች። አኝካ።

የካቲት 22

እማማ አረፉ። ልብስ ላጥብ ሐይቁ ዳር ወርጄ ስመለስ ለቅሶው መንገድ ላይ ተቀበለኝ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

መጋቢት 3

ለቀስተኛው ሳስቷል። ፈዲላ ሽምብራ ቆሎ ስትቆረጥም ትውላለች። ለመጣው ሰው ሁሉ «አያቴን የገደላት ነቀርሳ ነው፣ እኔ አይደለሁም» ትላለች። ስሙን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፣ አንዳንዱ ዝም በይ ሊላት ይዳዳዋል። ዝም የሚያሰኛት ካለ ከኔ ጋር ነው።

ኑርሁሴን ዛሬ ወደ መቃብሩ ሊሄድ ሲነሳ «ዘይቱና አውፍ ብላለች በላቸው» አልኩት። እኛ ሴቶች አንሄድም።

«አንቺ ያላልሽውን እኔ እንዴት ብዬ እላለሁ?» አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር።

ከሰዓት ባንቺአየሁ ልትሄድ ተነሥታ እንደገና ተቀመጠች።

«አንድ ነገር አለ፣ ሆዴ አልችል አለ። ያረፈች ዕለት አጠገቧ እኔ ነበርኩ። በሩን በሩን ስታይ አረፈደች። ‹ዘይቱና አልተመለሰችም?› ትለኛለች። ‹አሁን ትመጣለች› እላታለሁ። ኋላ ‹ልብሱ ብዙ ነው እንዴ?› አለች። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።»

ብዙ አልነበረም። የእሳቸው አንድ ቀሚስና አንድ ነጠላ ነው። ትንሽ ይጠብቁ ብዬ፣ የታጠበውን ደግሜ እያጠብኩ ነበር።