የጠና ፓምፕ አንቺን ይጠብቃል

ውድ ወይንሸት፣

«አሞጽ፣ ደክሞኛል። ከኮሚቴው ወጥቻለሁ። የጠናን ፓምፕ ሌላ ሰው ያውጣው።»

ከሄድሽበት ከዱራሜ በስልክ የላክሽልኝ መልእክት ይኸው ነው፤ አንድ ፊደል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ካነበብኩት ጀምሮ እንደተናደድኩ ነኝ።

እዚህ ሆሳዕና የሰፈራችን በእጅ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ፓምፕ በዝቶባቸው መንጠፍ ሲጀምሩ፣ የፓምፕ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ «ቁጥጥሩ የእኛ አይደለም» አለ፤ ተቆጣጣሪው ደግሞ «ፈቃዱን የሰጠው ሌላ ነው» አለ። አንቺ ግን እድሩን ሰብስበሽ፣ የውሃ ኮሚቴ አቋቁመሽ በየበጋው ፓምፕ እንዳይሠራ፣ ሁሉም በባልዲ እንዲቀዳ አስወሰንሽ። ቂም እንዳይያያዝ ፓምፑን የሚያወጣው የባለቤቱ የሥጋ ዘመድ ይሁን ያልሽውም አንቺ ነሽ። መጀመሪያ የወጣው የራስሽ ነበር። ወንድምሽ ጠና ጎትቶ ሲያወጣው «በይ እንግዲህ፣ ልብስሽን ወንዝ ወርደሽ እጠቢ!» ብሎ ሳቀብሽ፤ አንቺም አብረሽው ሳቅሽ።

ቀጥሎ የእኔ ሆነ። የአቮካዶ ችግኞቼ ሊደርቁ ነው ብዬ ጮህኩ፤ የተማርኩበትን ዩኒቨርሲቲ ስም ሳይቀር ጠራሁ።

«አሞጽዬ፣ ዲግሪህን ጉድጓዱ ውስጥ ብንከተው ውሃው ከፍ ይላል?» አልሽኝ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ታናሽ ወንድሜ ማቴዎስ ፓምፔን ነቀለው። ያን ቀን ጠላሁሽ። ከችግኞቼም ግማሾቹ ደረቁ። ነገር ግን ባልዲዋ ጭቃ ይዞ ይወጣ የነበረው የጎረቤታችን የእታለም ጉድጓድ ዝናቡ እስኪመጣ አልነጠፈም። ከዚያ ወዲህ እንደ አንቺ የማከብረው ሰው የለም። ፊት ለፊት ነግሬሽ ግን አላውቅም።

አሁን ጠና የመኪና እጥበት ከፍቶ ፓምፑን ቀን ከሌት ያስጮኸዋል። የእታለም ባልዲ እንደገና ጭቃ ይዞ መውጣት ጀምሯል። ሄጄ አናገርኩት።

«ጋሼ አሞጽ፣ የእሷን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የእኔንም እሷ ትምጣና ታውጣ። ሌላ ሰው እጁን እንዳያስገባ!»

ፊቱን አየሁት። እምቢ ማለቱ አይደለም፤ እየጠበቀሽ ነው።

ወንድም ላይ መጨከን እንደሚከብድ አውቃለሁ። ማቴዎስም የእኔን የነቀለው ፊቱን ከእኔ አዙሮ ነበር። ያን ጊዜ «ደክሞኛል» ቢልሽ ትቀበይው ነበር?

ስለዚህ መቼ እንደምትመጪ እስከ ጥር ሃያ ድረስ በጽሑፍ እንድታሳውቂኝ እጠይቃለሁ። ስልክ አልቀበልም፤ በስልክ ታስቂኛለሽ።

ቁጣው ያልበረደለት አክባሪሽ፣
አሞጽ