የሾፌሩ አንድ አፍታ

ጭሮ፣ ማክሰኞ ኅዳር 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

ዛሬ ያ ሾፌር በእግሩ መጣልኝ። አምና ለአባቴ ቀብር ገለምሶ ልሄድ ሚኒባሱ ላይ ተሳፍሬ ነበር። "ቀብር አለብኝ" ብዬ ብለምነው፣ ጉንጩን በጫት ወጥሮ፣ አንዴ በኦሮምኛ "አማ"፣ አንዴ ያንኑ በአማርኛ "አሁን"፣ አንዴ ደግሞ "አንድ አፍታ እህቴ፣ ሦስት ሰው ነው የቀረን" እያለ እስከ እኩለ ቀን መናኸሪያ ውስጥ ገተረኝ። ገለምሶ ስደርስ ሰዉ ከቀብር ተመልሶ እጁን እየታጠበ ነበር።

ዛሬ ያው ጉንጩ በጥርስ ሕመም አብጦ፣ እኔ ጥርስ የምነቅልበት ክሊኒክ መጣ። አላወቀኝም።

"እህቴ፣ በአላህ፣ ቶሎ ንቀዪልኝ!"

"አንድ አፍታ" አልኩት። ጉጠቱ ተቀቅሎ ተዘጋጅቷል፤ ሌላ በሽተኛም የለም። እሱን ግን አግዳሚው ላይ ብቻውን አስቀምጬ ሻዬን ጠጣሁ። ሁለተኛም ቀዳሁ።

"ኧረ እህቴ፣ ሞትኩ! ይሄ አፍታ ማለቂያ የለውም እንዴ?"

"አግዳሚው ይሙላ እንጂ። ሦስት ሰው ነው የቀረን።"

ቀና ብሎ አየኝ። ያኔ አወቀኝ።

በመጨረሻ አስገብቼ ማደንዘዣውን ወጋሁት። መድኃኒቱ እስኪይዝ ትንሽ መጠበቅ ደንብ ነው።

እኔ ግን አንዲት አፍታ እንኳ አልጠበቅኩም።