አኩራፊው ጋ ወራጅ አለ

የካቲት 3

ተራ ቀን። ምድጃውን አጥፍቼ ወጣሁ... አጥፍቻለሁ? ከደረጃው ተመልሼ አየሁ። ጠፍቷል። አባባ ኮቱን እየለበሰ ሳቀብኝ።

«ሚጡ፣ ምድጃው አንቺ እስክትወጪ ነው የሚጠብቀው?»

ሽበት አውጥቼ ዛሬም ሚጡ ነኝ።

የምሠራበት ካርታ ክፍል አዲስ ሥራ ገባ። የአውቶቡስ ፌርማታዎች ሁሉ ካርታ ላይ ሊወጡ ነው። በየምሰሶው የስም ሰሌዳ ይሰቀላል። እስከ ዛሬ ስሞቹ የኖሩት ሰው አፍ ውስጥ ብቻ ነው። የእያንዳንዱን መነሻ ጠይቆ አንዳንድ መስመር የሚጽፍ ሰው ተፈለገ። እኔ ሆንኩ። ደስ አለኝ፣ ፈራሁም... ሁለቱ እኔ ዘንድ ተለያይተው አያውቁም።

አለቃዬ እንዲህ አሉ፦ «ሰው የሚያስቀይም ስም ካጋጠመሽ አውጪው። ሌላ እንሰጠዋለን። ንጋት፣ ጽጌረዳ፣ ምናምን።»

የኛን አውቶቡስ መስመር ስሞች አየሁ። ሦስት ዛፍ። ቀዩ በር። ቀጥሎ አኩራፊው።

የአባቴ ሱቅ ፊት ለፊት ያለው ፌርማታ ነው። አኩራፊው አባቴ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። እሱ ብቻ አያውቅም።

የካቲት 4

ለራሴም ቢሆን ልጻፈው።

አባባ ሰዓት ሠሪ ነው። ሱቁ ከቁም ሳጥን ትንሽ ቢሰፋ ነው። ወንበሩ ፊቱን ለግድግዳ፣ ጀርባውን ለመንገድ ሰጥቷል። ሰው ገብቶ «እንደምን ዋልክ» ሲለው መልስ የለም። ወረንጦውን ሲያስቀምጥ ነው ቀና የሚለው፤ ያኔ ሰላም ያለው ሰው ሄዷል። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሁሉ ያንን ጀርባ እያየ ይቆማል። እና «አኩራፊው ጋ እንገናኝ» ተባለ።

ቤት ውስጥ ግን? የራሱን ቀልድ ሳይጨርስ በሳቅ እንባው የሚፈስ ሰው ነው። ማን ያምነኛል?

ተማሪ ሳለሁ አንዲት ልጅ ጠይቃኛለች። «አባትሽ ቤትም ወደ ግድግዳ ዞሮ ነው የሚበላው?»

የካቲት 7

ስም ስለቅም ዋልኩ። እግሬ አለቀ፣ ልቤ ግን ቀለለ።

ሦስት ዛፍ የተባለው ቦታ ዛፍ የለም። አንድ ጉቶ አለ፤ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠውበታል። ሁለቱስ? «አንዱን ንፋስ፣ አንዱን መንገድ ሥራ ወሰደው። ይሄ ደግሞ ለኔ መቀመጫ ቀረ።» ታዲያ ስሙ ለምን አልተቀየረም? ጉቶውን መታ መታ አደረጉት። «የሄዱት እንዳይቀየሙ።»

ቀዩ በር አረንጓዴ ነው። ባለቤቲቱ ተማረዋል። «ስንት ጊዜ ቀባሁት! ዕቃ የሚያመጡልኝ ሰዎች በሬን ተደግፈው ቀዩ በር የት ነው ይሉኛል።»

ነገሩ ይሄዳል፣ ስሙ ይቀራል። አኩራፊውም እንዲሁ ሊቀር? ሰሌዳ ላይ? በትልቅ ፊደል? አባባ በየጠዋቱ ከሥሩ ሊያልፍ?

የካቲት 9

አውቶቡስ ላይ ቲኬት ቆራጯ ያዘችኝ። ድምጿ ከጥሩምባው ይበልጣል።

«ስም ልትቀይሩ ነው አሉ? እሺ ቀይሩ። የኔን አፍ ማን ይቀይረዋል?»

«አኩራፊው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «እኔን ትጠይቂኛለሽ እንዴ? እቤትሽ እያለ!»

የካቲት 10

ንጋት ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩት።

የካቲት 13

እራት ላይ ሞከርኩት። ቀስ ብዬ፣ ዳር ዳሩን።

«አባባ፣ የፌርማታችን ስም ሊቀየር ይችላል።»

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ። «እንዴት ተደርጎ! ሰውየው ምን ይላል?»

«የትኛው ሰውዬ?»

«ፀጉር አስተካካዩ ነዋ! አኩራፊው!»

ውኃ ትን አለኝ። ጀርባዬን መታ መታ እያደረገ ቀጠለ። ፀጉር አስተካካዩ ከመንገዱ ማዶ፣ ከሱቁ ትይዩ ነው ያለው። ድሮ ወዳጁ ነበር። ሥራ ሲቀንስ መንገዱን እየተሻገረ ይመጣ ነበር። አንድ ሰሞን ቀረ። በዚያው ቀረ። ሰላምታው ሁሉ ከንፈሩ ላይ የሚያልቅ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ ሰዉ ፌርማታውን አኩራፊው ማለት ጀመረ።

«እኔ ግን ጠርቼው አላውቅም» አለ አባባ። «ሁልጊዜ ‹ሱቄ ጋ አውርዱኝ› ነው የምለው። ሰው በጠባዩ አይሰደብም። አሁን ደግሞ ስሙን ልትነጥቁት? ያሳዝናል።»

አዘነለት። ከልቡ አዘነለት። ሰላጣውን አቀበልኩት።

የካቲት 14

ንጋት ብዬ ባስረክብ ማንም አይጎዳም። አባባ ሳያውቅ ይኖራል። ግን ስሙ እንዳይጠፋ የሚፈልገው እሱ ራሱ ነው... ለሌላ ሰው ብሎ።

ብነግረውስ? ዕድሜውን ሙሉ ሰውን ላለማስቀየም የኖረ ሰው። «አኩራፊው አንተ ነህ»? አፌ ይህን ይላል?

የካቲት 17

ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄድኩ። ሁለት መስታወት፣ ቆዳው የተቀደደ ወንበር፣ ማቆሚያ የሌለው ወሬ። መቀሱ ሥራ ሲፈታ እንኳ አየሩን ይቆርጣል። ደንበኛ ሸኝቶ አረማመዱን አስመስሎ አሳየኝ፤ ሰውየው ተመልሶ የገባ መሰለኝ።

«ጋሼ፣ የፌርማታው ስም ከየት መጣ?»

መቀሱ ቆመ።

«ከኔ» አለ።

አባባ ድሮ ወደ መንገዱ ዞሮ ነበር የሚሠራው። አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ፣ በእጅ ምልክት ሲያወሩ ይውሉ ነበር። አንድ ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ በሩን ሲከፍት የአባባ ወንበር ዞሯል።

«ጀርባ! ምን በደልኩት? ሄጄ እንደምን አደርክ አልኩት። ዝም። በማግስቱም ዝም። ለምን አኮረፍከኝ እንዳልለው ኩራት ያዘኝ። ለደንበኛ ‹ያ አኩራፊ› አልኩ፤ ደንበኛው ለሹፌር ነገረ... ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ሚጡ። መመለሻ የለውም።» መቀሱን ኪሱ ከተተ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እውነት ግን፣ ምን አድርጌው ነው? ነግሮሽ ያውቃል?»

እንደ ተገፋ ልጅ ነበር የሚያየኝ። ያ ሁሉ ዘመን!

የካቲት 18

ቢሮ ሳልሄድ በፊት ሱቅ ገባሁ። ወረንጦውን እስኪያስቀምጥ ጠበቅኩ።

«አባባ፣ ወንበሩን ለምን ነበር ያዞርከው?»

ገና መልሱን ሳይጀምር ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

«ያ ሰውዬ ነዋ! ደንበኛውን እየላጨ፣ ከኋላው ሆኖ የደንበኛውን ፊት እያስመሰለ ያወጣል። የሚያንቀላፋውን፣ መላጣው የሚያሳስበውን... እኔ ደግሞ የሙሽራ የእጅ ሰዓት ከፍቼ ከፀጉር የቀጠነች ሽቦ በወረንጦ ይዣለሁ። ፕፍ! አልኩ። ሽቦዋ የት እንደገባች እስከ ዛሬ አልታወቀም። በሳምንቱ ሌላ ሰዓት፣ ሌላ ፕፍ! ወይ ሳቄን ወይ እንጀራዬን መምረጥ ነበረብኝ። ወንበሩን አዞርኩ።»

«ለምን አልነገርከውም?»

«አስቂኝ መሆኑን ካወቀማ መንገዱን ተሻግሮ ነው የሚጨርሰኝ!»

«ሰላም ሲልህስ?»

«ትንፋሼን ይዤ ነዋ! የአቧራ ቅንጣት የምታህል ብሎን ይዘሽ እስቲ እንደምን አደርክ በይ።»

አሁን ካልነገርኩት መቼም አልነግረውም።

«አባባ... አኩራፊው እሱ አይደለም። አንተ ነህ።»

ማጉያ መነጽሩን አወለቀ። ምን አደረግኩ? ምን ነክቶኝ ነው?

«እኔ?»

«አንተ።»

«ፌርማታው... የኔ ነው?»

ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። አለቀሰ ብዬ ልይዘው ስል፣ ፕፍ! አለ። ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ብሎኖች በሙሉ ተበተኑ።

«ስንት ዘመን አዘንኩለት! በኔ ስም!»

ከዚያ ሳቁ ድንገት ቆመ። «ቆይ... እሱ እስከ ዛሬ አኩርፎኛል ብሎ ነው የሚያስበው?»

ኮቱን እንኳ አላነሳም። መኪና ሳያይ መንገዱ ውስጥ ገባ። እጅጌውን ይዤ ተከተልኩት።

ፀጉር አስተካካዩ ጉንጩ ግማሽ አረፋ የሆነ ደንበኛ ይዟል። አባባ በሩ ላይ ቆመ።

«አንተ! እስቲ ያንን የሚያንቀላፋውን ሰውዬ አውጣው።»

«የትኛውን?»

«ሥራ ያስፈታኸኝበትን!»

እየተደናቀፈ፣ እየሳቀ ነገረው። ሽቦዋን። ትንፋሹን። ፀጉር አስተካካዩ የደንበኞች አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ።

«ሳቅ ነው? ያዞረህ ሳቅ ነው?»

«ሳቅ ነው።»

«እና ይሄን ሁሉ ዘመን ጀርባህን እያየሁ...»

«ጀርባዬ ምን ይወጣለታል?»

ተቃቀፉ። አረፋ የለበሰው ሰውዬ ከወንበሩ ጮኸ። «ጎበዝ፣ ሌላኛውን ጉንጬን ላጩልኝና ትታረቃላችሁ!»

መላጨቱ አልቀረም፤ ግን ክርክርም ተነሳ።

«እንግዲህ ያኮረፍኩት እኔ ነኝ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «አንተማ ስቀህ ነው። ፌርማታው የኔ ነው።»

«አውጥተህ የሰጠኸኝን ስም ልትቀማኝ?»

«በስህተት ነው የሰጠሁህ!»

«ስጦታ ነው። አይመለስም።»

ቢሮ አርፍጄ ገባሁ። አለቃዬ ምን ያስቅሻል አሉኝ። እየሳቅኩ መሆኔን አላወቅኩም ነበር።

የካቲት 22

ሥራዬን አስረከብኩ። አለቃዬ አኩራፊው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«የሚያስቀይመውን አውጪ አላልኩም?»

«ባለቤቶቹ ተጣልተውበታል።»

«ይኸው! አንፈልገውም ብለው?»

«ሁለቱም ይገባኛል ብለው።»

መስመሩን ጮክ ብለው አነበቡት፦ «አኩራፊው። ሳቅ ሥራ አላሠራው ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ባዞረ ሰዓት ሠሪ፣ ወይም ይህን አይቶ ባኮረፈ ወዳጁ የተሰየመ። ገና አልለየለትም።»

ፈረሙ። ጽጌረዳ የትም አልገባችም።

መጋቢት 6

ሰሌዳው ትናንት ተሰቀለ። ነጭ በሰማያዊ። አባባ ከሥሩ ቆሞ አንገቱ እስኪዝል አየው። «ፊደሉ ያምራል። ትንሽ ወደኔ ሱቅ ያዘነበለ አይመስልሽም?» ፀጉር አስተካካዩ ከማዶ፣ «ወደኔ ነው!»

የአባባ ወንበር ከሰዓት በኋላ ወደ መንገዱ ይዞራል። ሰዓት ተከፍቶ ካለ ወደ ግድግዳ ይመለሳል። አሁን ፀጉር አስተካካዩ የአባባን ጀርባ ሲያይ ሥራ ላይ መሆኑን ያውቃል፤ እስኪጨርስ ፊቶቹን ይለማመዳል።

ዛሬ ሁለቱ አንድ ሐሳብ አመጡ። ስማቸው ሲጠራ ከአውቶቡስ ውስጥ መስማት ይፈልጋሉ። እስከ ዛሬ የሌላው ስም ስለመሰላቸው አንድም ቀን ልብ ብለው ሰምተውት አያውቁም። እስከ ቀዩ በር በእግር ሄድን። አረንጓዴውን በር ተደግፈን ጠበቅን። ሁለቱም ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል።

ተሳፈርን። አንድ ፌርማታ ብቻ ነው። ወንበር ይዘው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ፎቶ ተነሺ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ያኔ ምድጃው ትዝ አለኝ። አጥፍቼው ይሆን? አባባን ልጠይቀው ስል ቲኬት ቆራጯ አፏን ከፈተች። መስኮቱ የተነቃነቀ መሰለኝ።

«አኩራፊው! አኩራፊው ጋ ወራጅ አለ?»

ሁለቱም እኩል ተነሡ።

«አለ!»

ቲኬት ቆራጯ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። «ኧረ በየተራ! አኩራፊው አንድ አልነበር እንዴ? ማንኛችሁ ናችሁ?»

ተያዩ። አባባ ከንፈሩን ነከሰ። ፀጉር አስተካካዩ ያንን የሚያንቀላፋውን ሰውዬ አወጣ።

ፕፍ!