በስልክ የማይሰማ አዎ

ሰኞ

ለምን እሺ እንዳልኩ አላውቅም። ሰናይት ከቢሮ ድረስ መጥታ በሁሉም ፊት "ስልኩን ትሞክሪዋለሽ?" ስትለኝ ሳላስበው እሺ አልኩ።

ሰናይት የአበባ እርሻችን ጸሐፊ ናት። ሆዷ ገፍቷል፣ በቅርቡ ለወሊድ ትወጣለች። ሥራ አስኪያጃችን ሚስተር ፒተር የሚቀመጠው ሱሉልታ ባለው ሌላኛው እርሻ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ወደ እኛ፣ ወደ ሰበታ ይደውላል። በእንግሊዝኛ የሚመልስለት ሰው ያስፈልጋል። እኔ አይቼው እንኳን አላውቅም።

እኔ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ጽጌረዳ አስራለሁ። ሳሉ ከያዘኝ ቆየ። ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር "ከብርዱ ካልወጣሽ ደረትሽ አይድንም" ብላኛለች። እዚህ ከብርዱ ውጪ ያለው ክፍት ቦታ ይሄ ስልክ ብቻ ነው። ካልሆነልኝ ፉሪ ያለችውን እህቴን ትቼ ተጂ፣ አጎቴ ቤት መመለሴ ነው። እዚያ እንግዳ ነኝ። ውሃ ስጠጣ እንኳን እሳቀቃለሁ።

ትምህርቴ ስምንተኛ ላይ ቀርቷል። ሰናይትን ለምን እኔን እንደመረጠች ስጠይቃት "አትለፈልፊም፣ ታዳምጫለሽ" አለች። ዓርብ ብቻዬን እመልሳለሁ፣ ከዚያ ሚስተር ፒተር ይወስናል።

አብራኝ የምታስረው ጫልቱ ከአሁኑ "አካም ጂርታ፣ ሚስ!" እያለች በኦሮምኛ ሰላምታ መስጠት ጀምራለች።

ማክሰኞ

በምሳ ሰዓት የተማርኳቸው፦

ኪፕ ሚ ፖስትድ፦ የደረሰበትን አሳውቂኝ ማለት ነው። ይሄን ሚስተር ፒተር ነው የሚለው።

ቢሃይንድ ስኬጁል፦ ከሰዓቱ ዘግይቷል።

ኮል ኢት ኤ ዴይ፦ ለዛሬ ይብቃን። ደስ ይላል። ግን እኔ ለማን ነው የምለው?

አይ ዊል ጌት ባክ ቱ ዩ፦ አጣርቼ እደውላለሁ። ሰናይት "ከሁሉም ይሄን ያዢ። የማታውቂውን ሲጠይቅሽ አትደንግጪ፣ ይሄን በይና ዝጊ" አለችኝ።

የከበደኝ ሌላ ነው። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም። ለሥራ አስኪያጁም ለሕፃንም "ዩ" ነው። ሰናይትን ራሷን አንቱ ብያት "ኧረ አታስረጂኝ!" ብላ ተቆጥታኛለች። ትልቅ ሰውን ዩ ልለው ስል ድምፄ ይጠፋል።

ረቡዕ

ዛሬ የሆነውን መጻፍ አልፈልግም ነበር።

ሰናይት ለልምምድ ብላ ስልኩን ሰጠችኝና ማኅተም ልታመጣ ወጣች። "ጉድ ሞርኒንግ" አልኩ። ደህና ነበር። አበባ የጫነው መኪና ወጥቷል ወይ አለኝ ሚስተር ፒተር። ገባኝ። ወጥቷል። እንደ ወትሮዬ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ አዎ አልኩት። እናቴም እህቴም እንደዚያ ነው አዎ የሚሉት። ለትልቅ ሰው ድምፅ ከፍ አድርጎ ከመመለስ እሱ ጨዋነት ይመስለኛል።

"ሄሎ?" አለ። ደግሜ ሳብኩ። "ሄሎ? ሄሎ?" አሁንም ሳብኩ፣ ጠንከር አድርጌ። ድምፁ ተለወጠ። አር ዩ ኦኬ አለኝ። ደህና ነኝ ለማለት አሁንም ሳብኩ።

ሰናይት ስትመለስ ስልኩን ተቀበለችኝና አዳመጠች። ከዚያ ሆዷን ይዛ መሳቅ ጀመረች። "ልጅቷ መተንፈስ አቅቷታል፣ ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዷት ይላል!"

ወሬው እኔን ቀድሞ ቀዝቃዛው ክፍል ደረሰ። ጫልቱ በሩ ላይ ደረቷን ይዛ "ሂህ! ሂህ!" እያለች ተቀበለችኝ። የክፍሉ ኃላፊ ኦቦ ለሚ ሳይቀሩ ሳቁ። እኔም ልስቅ ስል ሳሉ መጣብኝ፣ ጫልቱ እጇን ከደረቷ አወረደች። ከሳቁ ይሄ ባሰኝ።

ሐሙስ

ጫልቱ ትናንት ስላሳቀችብኝ ይመስለኛል፣ ዛሬ ከሥራ ስንወጣ ፉሪ ድረስ አብራኝ ተሳፈረች። ቤቷ ሰበታ ነው። ታክሲ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"አሁን አላይሽም። ስልክ ነኝ። መኪናው ወጣ?"

ትንፋሼን ሳብኩ።

"ሞተች! መኪናው ወጣ?"

"የስ።"

"አልሰማሁም፣ ሱሉልታ ነው ያለሁት!"

"የስ!"

"ባል አለሽ?"

"ኖ!"

ታክሲው ሙሉ ሰው ዞረ። አንዲት እናት "ቢኖርሽም እንዲህ አትጩሂበት፣ ልጄ" አሉኝ። ልገባበት ቀዳዳ አጣሁ። ግን እስክንወርድ የስ ስል ነበር።

ነገ ነው።

ዓርብ

ሰናይት ሆን ብላ ወጣች። ስልኩ ጮኸ። "ጉድ ሞርኒንግ" አልኩ።

መኪናው ኤርፖርት ደርሷል ወይ አለኝ። አላውቅም። የስ ብል ውሸት፣ ኖ ብል ውሸት። "አይ ዊል ጌት ባክ ቱ ዩ" አልኩና ዘጋሁ። ዩ ማለቴ ትዝ ያለኝ ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ሮጥኩ። ኦቦ ለሚ ሾፌሩ ጋ ደወሉልኝ፤ ፉሪ ላይ ጎማ ፈንድቶበት እየቀየረ ነው። "ማቀዝቀዣውስ በሉልኝ" አልኳቸው። እየሠራ ነው። ደውዬ ቢሃይንድ ስኬጁል አልኩት፣ ታየር አልኩት፣ ኮልድ ኦኬ አልኩት። ቃላቱ እንደ ጠጠር አንድ በአንድ ነበር የሚወጡት። "ኪፕ ሚ ፖስትድ" አለኝ። ገባኝ! ኤርፖርት ሲደርስም መልሼ ደወልኩ።

ሊዘጋ ሲል ረቡዕ የታመምሽው ልጅ አንቺ ነሽ ወይ አለኝ። ትንፋሼ ወደ ውስጥ ሊሄድ ጀምሮ ያዝኩት።

"የስ" አልኩ። ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሁሉ ሰሙ።

አሁን ተሽሎሻል ወይ አለ። ሳሉ እንዳልተሻለኝ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል አላውቅም። ቢሮው ይሞቃል፣ ጠዋቱን ሙሉ አላሳለኝም። ደግሜ የስ አልኩ።

ሰናይት "ሰኞ መልሱን ይነግረኛል፣ የሚወስድሽ ይመስለኛል" አለች። ይመስለኛል። የቀዝቃዛውን ክፍል ጓንት ልመልስ ስሄድ ኦቦ ለሚ "ቆዪ፣ ሰኞ ትመልሺያለሽ" አሉኝ። ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ አሁንም እንደረጠበ ነው።

ቤት ስገባ እህቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። ቀና ብላ አይታኝ "ደስ ብሎሻል አይደል?" አለችኝ።

ትንፋሼን ሳብ አደረግኩ። እሷ ሰማችኝ።