የሞዲቦ ልጆች

እሑድ፣ መስከረም 11

ጠዋት ጉም ነበር፤ ከሰዓት ከፈት አለ። ልብስ አጠብኩ። ሒክማ ሞዲቦን ለምሳ ይዛው መጣች። ልጄ የማሊ ሰው ላግባ ካለች ስምንት ወሯ፤ እኔ ገና እያሰብኩበት ነው... እዚሁ ፍሪሞንት ከተማ ፋብሪካ ይሠራል፣ ጨዋ ነው። ግን ዘመዶቹን ማን ያውቃል?

የአገሬን ቋንቋ፣ ባምባራ ላስተምርዎት አለኝ። ልጅ "ደን" ነው። የኛ ደን ዛፍ ነው ብዬ ሳቅኩ። ልጅህ ለማለት "ኢ ደን"። ሲበዙ መጨረሻው ላይ "ኡ" ብቻ፤ "ደኑ"፣ ልጆች። ይኸው ነው? ይኸው ነው።

ዓርብ፣ መስከረም 16

የኩሽናውን ቧንቧ ሊጠግንልኝ መጣ። እናቱ ከባማኮ ደወሉ። እጁ እርጥብ ስለነበር ስፒከር ላይ አደረገው። ካወሩት ሁሉ አንድ ነገር ገባኝ... "ኢ ደኑ"። ልጆችህ።

የምን ልጆች?

ምነው ባልተማርኩ! ሒክማ ታውቅ ይሆን?

ቅዳሜ፣ መስከረም 17

አልቻልኩም። ሒክማ ሥራ ስትሄድ ኮል አድርጌ ጠራሁት። ሻይ እንኳ ሳላቀርብ፣ ባማኮ ስንት ልጆች አሉህ አልኩት።

ግራ ገባው። የሰማሁትን ነገርኩት። ፊቱን በእጁ ሸፈነ... የሚያለቅስ መስሎኝ። ለካ እየሳቀ ነው። እናቱ ስልክ ሲዘጉ ሁሌ ይመርቁታል፤ አላህ ልጆችህን ያሳድግልህ።

"ገና አልተወለዱም" አለኝ።

"ታዲያ 'ኡ'ው ምን ይሠራል?"

"እናቴ ለአንድ ልጅ ብላ ዱዓ አታደርግም።"

አፈርኩ። ለሒክማ እንዳትነግራት አልኩት።

ሰኞ፣ መስከረም 19

ነገራት። "ማም፣ ሲሪየስሊ?" አለችኝ። ፖስተኛው ሲመጣ ደግሞ፣ የእሱስ ልጆች ስንት ናቸው ብላ ጠየቀችኝ። ባለጌ።

እሑድ፣ ጥቅምት 2

ኒካው ለኅዳር ተቆረጠ። ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ዩኒየን ሲቲ አፓርትመንት አግኝተዋል።

ዛሬ ከእናቱ ጋር በቪዲዮ ተያየን። ደስ የሚሉ ሴት። ስንት ልጅ እንዳለኝ በሞዲቦ በኩል ጠየቁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ "አንድ" ስል ኖሬ... ሞዲቦን ተው፣ ራሴ ልመልስ አልኩት።

"ደኑ ፊላ" አልኳቸው። ሁለት።

ሞዲቦ ሊያርመኝ ጀመረ። ቁጥር ሲኖር "ኡ" አይጨመርም፣ ልክ እናንተ "ሁለት ልጅ" እንደምትሉት... አለና ቆም አለ። ሒክማን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ አቀረቀረ።

እናቱ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። እርማቱን ሳይጨርሰው ቀረ።